የዘር ዋስ

አዳማ ውስጥ ዘወትር እህል የምሸምተው ከአንድ ቤት ነው። ባለቤቷን እትዬ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ከጠራሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በቀደም ገባሁና «እትዬ፣ ቁንጮ ጤፍ አለ?» አልኳቸው።

«ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። አንተ ቁንጮ የምትለው የቱን ነው?»

ቁንጮ የዝርያው ስም እንደሆነ፣ ከማኛውም ከነጩም ኩንታል ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከማኛው እፍኝ ዘገኑና መዳፋቸው ላይ እፍ አሉበት። «እህል ስሙን አይናገርም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ንጣቱንና የመጣበትን አገር ነው። ይኼ የአድአ ነው። ውሰድ፣ አታፍርበትም» አሉኝ። ወሰድኩ። አላፈርኩበትም። ነገራቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ አለ። እትዬ የዘገኑት እፍኝ ውስጥ የስንት ማሳ፣ የስንት ዝርያ ልጅ እንደነበረ ማን ቆጥሮ ይነግረኛል? ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ግን በስም፣ በቁጥርና በወላጅ ለይቶ ይናገራል። ገበያው የሚያውቀው ቀለምና አገር ነው፤ ተመራማሪው የሚያውቀው ስምና ትውልድ ነው። ሁለቱም የሚያዩት አንድ እህል ነው። እንግዲህ «አዲስ ዝርያ ወጣ» ሲባል ምን ወጣ ማለት ነው? አዲስ የሆነው ፍሬው ነው፣ ስሙ ነው ወይስ ስለ ፍሬው የተጻፈው ወረቀት?

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ጥያቄ የሚመች አይደለም። ዘር የምንለው የሚዘራውንም የሚወለደውንም ነው። ሁለት ዓይነት ተዳቅሎ የሚገኘውን ደግሞ ዲቃላ እንለዋለን፤ «ዲቃላ በቆሎ» ብለን ስንዘራ አንሳቀቅም፣ ቃሉን ለሰው ልጅ ስናውለው ግን ስድብ ነው። አዲስ ነገር የሚገኝበትን መንገድ በስድብ ቃል የሰየመ ሕዝብ፣ አዲስነትን እንዴት እንደሚጠረጥር ከዚሁ ይታያል። ጥርጣሬውን ግን አልጠላውም፤ ይህ ጽሑፍም ከእሱ የተነሳ ነው።

ከሚቀለው ልጀምር፣ ከእንጆሪ። (ደጋ ያደገ ሰው እንጆሪ ሲባል አጥር ላይ የሚወጣው እሾሃሙ ትዝ ይለዋል፤ ዛሬ ስሙ ለፈረንጁ ስትሮቤሪም ተሰጥቷል። ስም እንዲህ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።) ስትሮቤሪ የሚባለው ትልቁ ፍሬ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። በ1714 (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ፍሬዝየ የሚባል ፈረንሳዊ ከቺሊ አምስት ተክል ይዞ ወደ አገሩ ገባ። የያዛቸው ሁሉ ሴቴ ነበሩና ብቻቸውን ፍሬ አልሰጡም። ከሰሜን አሜሪካ ከመጣ ሌላ ዓይነት አጠገብ ሲተከሉ ግን ያዙ፤ ከዚያ ጎረቤትነት ዛሬ ዓለም የሚበላው እንጆሪ ተወለደ። ሆን ብሎ ያዳቀለው ሰው የለም። በ1766 ዱሸን የሚባል ወጣት የተክሉን መልክ አጥንቶ የሁለቱ ልጅ መሆኑን ጻፈ። አዳቃይ ያልነበረው ተክል ገላጭ አገኘ ማለት ነው።

አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን ነገር በ1930 በሕግ አሰሩት። በሕጉ መሠረት፣ ከዘር ሳይሆን ከራሱ አካል እየተቆረጠ የሚባዛ አዲስ ተክል ያገኘ ሰው የፈጠራ መብት ይሰጠዋል። እንጆሪ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ እናቲቱ ሐረግ ዘርግታ ሐረጉ መሬት ሲነካ ሥር ያወጣል፣ ልጅቷም የእናቲቱ አካል ቅጣይ ናት። ስለዚህ አመልካቹ ከብዙ ችግኝ መካከል አንዲቷን ይመርጣል፤ የቅጠሏን ርዝመት፣ የአበባዋን ስፋት፣ የፍሬዋን ቅርጽና ቀለም፣ ከሚታወቁት ዝርያዎች የምትለይበትን ጠባይ ገጽ በገጽ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚህ እንደተገለጸው ያለ አዲስና ልዩ የእንጆሪ ተክል»። እንደተገለጸው! የሰውየው ንብረት ልኩ መግለጫው ነው። ከመግለጫው የወጣ የእሱ አይደለም።

እንጆሪ ላይ ይህ አያስቸግርም። ተክሏ አንዲት ናት፣ መግለጫውም የእሷ ነው፣ ልጆቿም እሷው ናቸው። ጤፍ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይከራል።

የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ነው፤ ወንዴና ሴቴው በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ለረጅም ጊዜ ሰው ገብቶ ሊያዳቅለው የሚችል አይመስልም ነበር። በ1974 ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት አገኙት፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ግድም። ሦስት ሩብ ሰዓት ብቻ። ሦስቱን ወንዴ ክፍሎች በማጉሊያ እያዩ በመርፌ አውጥቶ፣ የሌላውን ዱቄት አምጥቶ መነስነስ የሚቻለው ይህችን ሰዓት ያወቀ ነው። ስንት ሺህ ዘመን ከጤፍ ጋር የኖረ አገር፣ አበባው ማለዳ በሩን እንደሚከፍት በሳይንስ የሰማው በዚያ ዓመት ነው። እኔ የዚህን ሰው ሥራ ሳስብ የሚገርመኝ መርፌው አይደለም፣ ማለዳ ተነስቶ መጠበቁ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብረ ዘይት ላይ ከተደረጉት ማዳቀሎች አንዱ ቁንጮን ሰጠ። አንዱ ወላጅ ዱከም የተባለው ነው፣ የምርምር ቁጥሩ ዲዜድ 01-974፤ ምርቱ ጥሩ፣ ንጣቱ ግን ገበያ የማያረካ። ሌላው ማኛ ነው፣ ዲዜድ 01-196፤ እንደ ወተት የነጣ፣ ምርቱ ግን ሰነፍ። «01» የሚለው ምልክት የሚነግረን ሁለቱም ከገበሬ ማሳ ከተሰበሰበ ዘር የተመረጡ መሆናቸውን ነው። የልጃቸው መዝገብ ደግሞ «ሲአር 387፣ መስመር 355» ይላል፤ ሲአር ማለት የተዳቀለ ነው። ይህ መስመር 355 በ2006 ለገበሬ ተለቀቀ፣ ቁንጮ ተባለ። የሕፃን ልጅ አናት ላይ የሚቀረው ጸጉርም፣ የነገር ሁሉ ጫፍም ቁንጮ ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው አማርኛ ያውቃል።

አሁን ጥያቄዬን ልድገመው። ቁንጮ የተወለደው መቼ ነው?

ዱቄቱ የተነሰነሰ ጠዋት ነው እንዳንል፣ ከዚያው ጠዋት ብዙ ወንድማማች መስመሮች ወጥተዋል፤ ቁንጮ ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቁንጮ የለም፣ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ግን አለ። የሚቀጥለው ሐሳብ ልጁ ጠርቶ በወጣበት ትውልድ ነው የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ፈላስፋ ነው። ራሱን የሚያዳቅል ተክል ውስጥ የተቀላቀለው ክፍል በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ትውልድ 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በአራተኛው 12.5፣ እንዲህ እያለ በስምንተኛው ከአንድ በመቶ በታች ይወርዳል። ይወርዳል እንጂ ዜሮ አይገባም። ግማሹን መንገድ፣ ከቀረው ግማሹን፣ ከቀረው ግማሹን የሚሄድ መንገደኛ ከደጃፉ እንደማይደርስ ሁሉ፣ ዝርያም ፍጹም ወጥ የሚሆንበት ቀን የለውም። አንድ ቦታ ላይ ሰው «በቃ፣ ይኼ ይበቃኛል» ብሎ ማቆም አለበት። ተፈጥሮ አላቆመችም፤ ያቆመው ሰው ነው።

በ2006 የተለቀቀ ዕለት ተወለደ ብንልስ? ያን ቀን እህሉ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ትናንት መስመር 355 ነበር፣ ዛሬ ቁንጮ ሆነ። ወረቀት ብቻ ነው የተወለደው።

ስለዚህ አንዳንዱ «ዝርያ ማለት መግለጫው ነው» ወደሚለው ይሳባል፤ እንጆሪው ላይ እንዳየነው። በዚህ መንገድ ደብረ ዘይት ላይ የተሠራ ታላቅ ሥራ አለ። ታደሰ ኤባ በ1975 ባሳተሙት ጥናት 35 የጤፍ ዓይነቶችን በዛላቸው ቅርጽ፣ በአበባቸው ልባስና በፍሬያቸው ቀለም ለይተው ገልጸዋል። እናቲት፣ ዳቢ፣ ጎመዴ፣ ጌአ ላሜ፤ ዝርዝሩን ማንበብ ብቻ የገበሬውን ዓይን ያሳያል። ታደሰ ኤባ ግን አንዱንም ፈጠርኩ አላሉም። ገለጽኩ ነው ያሉት። መግለጽና መፍጠር አንድ ቢሆኑ ኖሮ 35ቱም የእሳቸው በሆኑ ነበር።

ይህ ልዩነት ቀልድ እንዳልሆነ ሁለት ክርክር አሳይቶናል። አንዱ በቦሎቄ የመጣ ነው። ቦሎቄ ለአዳማ ሰው ባዳ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆው ነጭ ቦሎቄ በከተማችን መጋዘኖች በሴቶች እጅ ተለቅሞ ነው ባሕር የሚሻገረው፤ ከአዋሽ መልካሳ የምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች ጋር ሜክሲካን 142 የሚባለው የውጭ ስደተኛም ስሙን ሳይለውጥ እዚህ ኖሯል። ታዲያ በ1999 አንድ አሜሪካዊ ከሜክሲኮ በገዛው ቢጫ ቦሎቄ ላይ የፈጠራ መብት አወጣ። የይገባኛል ጥያቄው ውስጥ የፍሬው ብጫነት በቀለም መጽሐፍ ቁጥር፣ በቀን ብርሃን ሲታይ እየተባለ ተለክቶ ሰፍሯል። ሰውየው የገለጸው በትክክል ነው። ቦሎቄው ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ቢጫ ነበር። መብቱ ተሰርዞ ክርክሩ በይግባኝ የተዘጋው በ2009 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀለም ባለቤት ነበረው።

ሁለተኛው የራሳችን ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ጤፍ ላይ ስምምነት ፈረመ፤ በ2007 ደግሞ የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ መብት ሰጠው። የመብቱ እምብርት ምን ነበር? ከታጨደ በኋላ ቆይቶ የበሰለ ጤፍ፣ ሲፈጭ በአንድ መለኪያ ከ250 በታች የማይወርድ ዱቄት። ጤፍ ካደረ በኋላ ሊጡ እንደሚያምር እናቶቻችን የሚያውቁትን በቁጥር ገለጸው፤ ገለጸና «የእኔ» አለ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ መብቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ፣ በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መገባደጃ የፈጠራ ነገር የለበትም ብሎ በሆላንድ ሻረው። እኛስ? የዘረ መል ሀብት አዋጁ (482/1998 ዓ.ም.) የወጣው ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ።

እንግዲህ ማዳቀልም፣ ወጥ መሆንም፣ መግለጽም ብቻቸውን ዝርያን አያቆሙትም። ምን ያቆመዋል?

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ዝርያ ማለት ዋስ ያለው ዘር ነው።

ዋስ ስል የቀድሞውን ሙግት አስቡ። ተሟጋች ዋስ ጥራ ሲባል፣ ዋሱ የዕዳው ባለቤት አይደለም፤ የነገሩም ፈጣሪ አይደለም። «ይህ ሰው በቀጠሮው ቀን ይቆማል» ብሎ ስሙን የሚያስይዝ ነው። ቁንጮ ብሎ የሰየመ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው፦ «ዘንድሮ ያያችሁትን ከርሞም ታያላችሁ፤ ካልሆነ እኔን ጠይቁኝ።» የአዳቃዮች መብት ሕግ የሚጠይቃቸው ሦስቱ ነገሮች፣ ዝርያው ከሌላው የተለየ፣ እርስ በርሱ ወጥ፣ በየትውልዱ የማይናወጥ መሆኑ፣ ሦስቱም የዋስትና ቃሎች እንጂ የፈጠራ ቃሎች አይደሉም። በተለይ ሦስተኛው ስለ ነገ የተሰጠ ቃል ነው። ቃሉም በራሱ አይጠበቅም። ቁንጮን የሚጠብቀው ሰው በየዓመቱ መዝራት፣ ማሳው ውስጥ መመላለስ፣ ከመልኩ የወጣውን ዛላ ነቅሎ መጣል አለበት። ሁለት ሦስት ዓመት ቢተወው ንፋስ፣ ወፍ፣ አውድማና ከረጢት ሌላ ዘር ይቀላቅሉበታል፤ ስሙ ይቀራል፣ የተሰየመው ነገር ይሄዳል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ገበሬው ከአዳቃዩ አያንስም። ማሳው መካከል ቆሞ «ይህ ለዘር፣ ይህ ለአፍ» ብሎ የሚለይ ሰው፣ ማኛን ለስንት ትውልድ ማኛ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገ ዋስ ነው። እሱ ባይኖር ደብረ ዘይት የሚያዳቅለው ወላጅ አያገኝም ነበር። የዘረ መል ሳይንቲስቱ መላኩ ወረደ ለዓመታት የተሟገቱለት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬ ማሳ ይጠበቅ ብለው ሠርተው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። የአዳቃዮች መብት አዋጁም (481/1998 ዓ.ም.፣ በኋላ በ1068/2010 ዓ.ም. የተተካው) ገበሬው ከማሳው ያገኘውን ዘር የማስቀመጥና መልሶ የመዝራት መብቱን አስጠብቋል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው አዋጅና ቁንጮ የወጡት በአንድ ዓመት ነው።

«ሰርገኛስ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ሰርገኛ ጤፍ ነጩና ቀዩ ተቀላቅሎ ነው፤ ወጥነት የለውም፤ በሕጉ መስፈርት ዝርያ አይባልም። ግን ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ እትዬ ሰርገኛ ብለው ከሸጡልኝ ሰርገኛ ነው። ለእኔ ይህ ሐሳቤን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም ያቃናዋል። ሰርገኛ ዋስ ያለው ለገበያ ነው፤ እትዬ ለቀለሙ ይመሰክራሉ፣ ለማሳው ግን አይመሰክሩም። ቁንጮ ዋስ ሊኖረው የሚገባው ለማሳ ነው። ለሚበላ ሰው የአንደኛው ይበቃዋል። ለሚዘራ ሰው ግን አይበቃውም። እኔ እትዬን የጠየቅኋቸው የዘሪ ጥያቄ ነበር፣ የቆምኩት ግን በበይ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። የሙግቱ ዋስ፣ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ ከኪሱ ይከፍላል። የዘር ዋስ ምን ይከፍላል? በአንድ ወቅት የሽንኩርት ዘር በደህና ስም በታሸገ ጣሳ ገዝቼ ዘርቼ ነበር። የበቀለው ሽንኩርት ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ፈዛዛ፣ አንዳንዱም ራስ ሳይቋጥር አበባ አወጣ። የሸጠልኝ ሰው «መሬትህ ይሆናል» አለኝ። መሬቴ አልነበረም። ስሙ ጣሳው ላይ ነበር፣ ከስሙ ጀርባ ግን ማንም አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ዘር ላይ የተጻፈ ስም ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የሚጠየቅ ሰው ነው።

ስም ደግሞ እዚህ አገራችን ብዙ ተጉዟል። አዳማ ስሟን ከቁልቋል ነው ያገኘችው ይባላል፤ በኦሮምኛ አዳሚ ከሚለው። ከዚያ ናዝሬት ተባለች፣ ደግሞ አዳማ ሆነች። በመሐሉ ከተማዋ ስሟን ለሽንኩርት አበደረች፤ አዳማ ሬድ ብለው ከመቂ እስከ ዝዋይ የሚዘሩት እሱ ነው። ከተክል የተወለደ ስም ወደ ተክል ተመለሰ። የመልካሳ ቲማቲሞችም መልካ ሾላ፣ መልካ ሳልሳ ይባላሉ፤ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፣ እዚያ አዋሽ ዳር። እነዚህ ስሞች ደስ ይሉኛል፤ የሚያደርጉት ግን ከማስተዋወቅ አያልፍም። ዋስ የሚሆነው ሰው ነው።

ክረምት ሲቀርብ ከሞጆ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከመቂ ወይም ከዚሁ ከአዳማ ዘር የምትገዙ ካላችሁ፣ ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም አንብባችሁ አትመለሱ። ማን እንዳባዛው፣ በየትኛው ዓመት እንደተመረተ፣ መስከረም ላይ ማሳችሁ ውስጥ ከመልኩ የወጣ ዛላ ብታዩ ማንን እንደምትጠሩ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።